የመኪና ፍሬን በኮምፒዩተር እጅ እንዴት እንደገባ



ዛሬ ከውጭ አገር ከሚገቡት መኪናዎች በብዙዎቹ ፍሬኑን ሹፌሩ ብቻውን አይይዘውም። በፔዳሉና በጎማው መካከል አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ያለበት ሳጥን ይገኛል። ይህ ሳጥን እንዴት ታምኖ እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ባጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሹፌር ደንግጦ በርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሲረግጠው ጎማው መዞሩን ያቆምና መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ጎማው ካልዞረ ደግሞ መሪውን ቢጠመዝዙትም አይታዘዝም። የድሮ ሹፌሮች «ረገጥ ለቀቅ አድርግ» የሚሉት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ ማን ለቀቅ ያደርጋል?

በጀርመን አገር ዳይምለር ቤንዝ (እኛ መርሴዲስ የምንለው) ቴልዲክስ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆኖ ይህንን ረገጥ ለቀቅ የሚሠራ መሣሪያ በ1970 አሳየ። የጎማውን ፍጥነት የሚቆጥር ነገር አለ። ጎማው በድንገት ሊቆም ሲል ሳጥኑ የፍሬን ዘይቱን ግፊት ይቀንስለታል፤ መዞር ሲጀምር መልሶ ይጨምርበታል። ይኸም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ታዲያ ያን ጊዜ ለገበያ አላወጡትም። ሳጥኑ 1000 ያህል ጥቃቅን ክፍሎች የተገጣጠሙበት ነበርና ሙቀቱንና ንዝረቱን ችሎ ዓመታት ይኖራል ብሎ የሚፈርም አልተገኘም። ቢበላሽ የሚበላሸው ራዲዮ አይደለም፣ ፍሬን ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ቆዩ። ሥራው ወደ ቦሽ ኩባንያ ተላለፈ፣ መሣሪያው በዲጂታል አሠራር ተለወጠ፣ ክፍሎቹም ወደ 140 ወረዱ። በሰሜን ስዊድን፣ አርየፕሎግ በሚባል ስፍራ፣ በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ እየነዱ ፈተኑት። በ1978 ለሽያጭ ቀረበ።

በአሜሪካ የሆነው ሌላ ነው። መንግሥት ከ1975 ጀምሮ የአየር ፍሬን ያላቸው ከባድ ካሚዮኖች ጎማቸው ሳይታሰር ባጭር ርቀት እንዲቆሙ በሕግ አስገደደ። ፋብሪካዎቹም ኤሌክትሮኒክ መሣሪያውን ገጠሙ። መንገድ ላይ ብልሽት በዛ፣ ክስም ተመሠረተ። በዚያው በ1978 የይግባኝ ፍርድ ቤት የመሣሪያው አስተማማኝነት አልተረጋገጠም ብሎ ያንን የሕጉን ክፍል ሻረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው! ለካሚዮኖች ግዴታው የተመለሰው ከ1997 ጀምሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ የሚሠራው በተጻፈ ትእዛዝ፣ ማለት በፕሮግራም ሆነ። የተበጠሰ ሽቦ በዓይን ይታያል፤ የፕሮግራም ስሕተት ግን አይታይም። በ2010 ቶዮታ ኩባንያ ፕሪየስንና መሰሎቹን ከ400,000 በላይ መኪናዎች የጠራው፣ ኮረኮንችና አዳላጭ መንገድ ላይ ፍሬኑ ለቅጽበት ስለሚዘገይ ነበር። ለማረም የተለወጠው ፕሮግራሙ ነው።

ዛሬ መሐንዲሶች ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ያኖሩና መኪና መስሎ ከሚያታልለው ሌላ ኮምፒዩተር ጋር ያገናኙታል። «በረዶ ላይ ነህ፣ ሽቦህ ተበጥሷል» እያሉ፣ ሰው ሳይጎዳ፣ ሌት ተቀን ይፈትኑታል። በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብም ብርቱ አደጋ ባለበት ሥራ ላይ ከሠሪው ሌላ ሰው እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። እኛም በመዝገብ ቤት ሳለን ደብዳቤውን የጻፈው ራሱ አያመሳክረውም ነበርና ይህ ደንብ እኔን አላስደነቀኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ «ኤቢኤስ» የሚል ቢጫ መብራት በርቶ ይጠፋል። ሳጥኑ ያን ጊዜ ራሱን እየመረመረ ነው። ብልሽት ካገኘ መብራቱን አብርቶ ራሱን ከሥራ ያገላል፤ ተራው ፍሬን ግን ይሠራል። አንዳንድ ሰው መብራቱ አስቸገረኝ ብሎ አምፖሉን ያስነቅላል አሉ። ይህ ጉድ ነው። መኪና ያላችሁ አባላት፣ መብራቱ በርቶ ከቀረ መካኒክ ዘንድ ውሰዱት፤ እስኪሠራም ድረስ በዝናብ ቀን ከፊት ካለው መኪና ራቅ ብላችሁ፣ እንደ ድሮው ረገጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ ንዱ።