ቦታ ራሱ ከወዴት መጣ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፥ ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ሕፃናት በመኝታቸው ላይ ሳሉ የሚጠይቁት፥ ታላላቆች ግን ብዙ ጊዜ «ዝም በል፥ ይህ አይጠየቅም» ብለው የሚያልፉት ነገር ነው። ሰማይና ምድር ሳይፈጠሩ፥ ይህ ሁሉ የተዘረጋበት ስፍራ ከወዴት ነበረ? ደግሞስ ምንም ሳይኖር መቅረት ሲችል፥ ስለ ምን አንዳች ነገር ኖረ? ልጅ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አባቱ ቢቈጣው ጥያቄው አይጠፋም፤ መልሱን ፍለጋ ከቤት ወጥቶ ይሄዳል እንጂ። የሚያገኘውም መልስ ምን ዓይነት እንደ ሚሆን ማን ያውቃል?

መጠየቁ ኃጢአት እንዳይደለ ከገዛ ትምህርታችን እንረዳለን። በአክሲማሮስ እንደሚነገረው መላእክት በመጀመሪያው ቀን በዕለተ እሑድ፥ ብርሃን ገና ሳይፈጠር፥ በጨለማ ውስጥ ሳሉ ፈጣሪያቸው ተሰውሮባቸው ነበርና፥ ከወዴት እንደ መጡና ማን እንደ ፈጠራቸው እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ። ያን ጊዜ ሳጥናኤል ፈጣሪያቸው እርሱ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን አምላካቸውን እስኪያገኙት ድረስ በያሉበት ጸንተው እንዲቆዩ መከራቸው። እንግዲህ በፍጥረት መካከል አስቀድሞ የተሰማው ጥያቄ ይኸው የእኛ ጥያቄ ነው። የተወቀሰውም ጠያቂው አይደለም፤ ቸኩሎ የሐሰት መልስ የሰጠው ነው እንጂ።

አንድ ቃል አስቀድመን እናጥራ። በዛሬ ንግግር ጠፈር ሲባል ከዋክብት የሚመላለሱበት ሰፊ ኅዋ ይታሰባል። በኦሪት ግን ጠፈር በዕለተ ሰኑይ የተፈጠረ፥ ውኃን ከውኃ የለየ ፍጥረት ነው። እኛ የምንጠይቀው ስለዚህ ጠፈር ሳይሆን ነገር ሁሉ ስላለበት ቦታ ነው።

የጥንት የግሪክ ጠቢባን ይህን በብርቱ መርምረዋል። አፍላጦን ጢሜዎስ በተባለው መጽሐፉ አምላክን እንደ አንድ ብልህ ሠሪ አድርጎ ይገልጸዋል፤ ሠሪው ዓለምን ቅርጽ አስያዘው እንጂ፥ ዓለም የሚቀመጥበትን ቦታ አልፈጠረውም፤ ቦታው አስቀድሞ ነበረና። ይህ አምላክ ጭቃም ጎጆም ተሰጥቷት ማድጋ እንደምትሠራ ሸክላ ሠሪ ነው። አርስጣጣሊስ ደግሞ ዓለም ጅማሬ የለውም ብሎ ጥያቄውን ከሥሩ ነቀለው። አባቶቻችን ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ነበር የሚከራከሩት።

ከአባቶችም መካከል የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በጾም ወራት ጧትና ማታ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት 9 ስብከቶችን ሰበከ። ባስልዮስ ያረፈው በ379 ዓ.ም. ገደማ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን)። ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ የዕለት እንጀራቸውን በጭንቅ የሚያገኙ የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ፤ እርሱም ከሥራቸው እንዳይቀሩ ብሎ ንግግሩን እንደሚያሳጥር ራሱ ይናገራል። ይህን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። የዓለም ጅማሬ ነገር የተሰበከው ለፈላስፎች ብቻ ሳይሆን ለእነዚያ ለደከሙ ሰዎች ነበር። የመንገድ መነሻ ገና መንገድ እንዳልሆነ፥ የቤትም መሠረት ገና ቤት እንዳልሆነ፥ የጊዜም ጅማሬ ገና ጊዜ አይደለም ብሎ አስረዳቸው። ስለዚህ ከጅማሬው በፊት ስንት ዓመት አለፈ ብሎ መጠየቅ መነሻ በሌለው መንገድ ላይ እርምጃ እንደ መቍጠር ነው።

የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ ይህንኑ ነገር ወደ ቦታ አመጣው። ከ413 እስከ 426 ባለው ጊዜ በጻፈው ስለ እግዚአብሔር ከተማ በሚናገረው መጽሐፍ፥ እግዚአብሔር ዓለምን ስለ ምን ቀደም ብሎ አልፈጠረም የሚሉትን ሰዎች ሲመልስ፥ እንዲህ ከሆነስ ማለቂያ በሌለው ባዶ ስፍራ ውስጥ ስለ ምን እዚህ እንጂ እዚያ አልፈጠረም ብላችሁ ልትጠይቁ ይገባችኋል አላቸው። ከዓለም በፊት ጊዜ እንደሌለ፥ ከዓለምም ውጭ ቦታ የለም። አምላክ በተዘጋጀ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ዕቃ አላስቀመጠም፤ አዳራሹም ራሱ ፍጥረት ነው።

በ529 ዓ.ም. ደግሞ የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎጶኖስ፥ እንደ እኛው የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበለ ሰው፥ ፈላስፋውን ጵሮክሎስን በመቃወም ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። (ስለ ሥላሴ በጻፈው ግን ከቀናው መንገድ ወጥቶ ተወግዟል፤ ይህንን መሸሸግ አይገባም።) ዓለም ጅማሬ ከሌለው፥ እስከ ዛሬ ያለፉት ዓመታት ፍጻሜ የሌላቸው ናቸው፤ ፍጻሜ የሌለውን ጉዞ ግን ማንም ሄዶ አይፈጽመውም፤ ታዲያ የዛሬው ቀን እንዴት ሊደርስ ቻለ? በመጪውም ዓመት አንድ ሲጨመርበት፥ ፍጻሜ ከሌለው የበለጠ ይሆናልን? ክርክሩ ከክርስቲያኖች አልፎ ለእስላምና ለአይሁድ ሊቃውንትም ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። ዦርዥ ለሜትር የሚባል በ1894 በቤልጅግ አገር የተወለደ፥ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመድፈኛነት ያገለገለ፥ በ1923ም የካቶሊክ ቅስና የተቀበለ ሰው፥ በ1927 ዓ.ም. ዓለም እየተስፋፋ እንደሚሄድ በስሌት አሳየ። ታላቁ አይንስታይን ስሌቱን ሳይነቅፍ ሐሳቡን ግን እንደማይቀበለው ነገረው። በ1931 ዓ.ም. ለሜትር ዓለም ሁሉ ከአንድ ጥንታዊ አቶም እንደ ተነሣ የሚናገር አጭር ደብዳቤ አሳተመ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ቦታና ጊዜ በመጀመሪያው ቅጽበት ትርጉም እንደሌላቸው፥ ትርጉምም የሚያገኙት የመጀመሪያው ነገር መከፋፈል ከጀመረ በኋላ እንደ ሆነ ጻፈ። ከአውግስጢኖስ ቃል ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ እናስተውል! አንዱ በጸሎት ቤት፥ አንዱ በቍጥር ሰሌዳ ፊት ሆኖ፥ ስለ ቦታ አንድ ነገር ተናገሩ።

በ1951 ዓ.ም. የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህ አዲስ ዕውቀት ለፍጥረት ትምህርት እንደሚመሰክር በአደባባይ ተናገሩ። ካህኑ ለሜትር ደስ ይለዋል ብለን እንጠብቅ ይሆናል፤ እርሱ ግን አልወደደውም። በ1958 ዓ.ም. በብራስልስ በተደረገው የሶልቬ ጉባኤ፥ ትምህርቱ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ የቆመ መሆኑን ገለጸ። በእኔ አስተያየት ለሜትር ልክ ነበረ። ሃይማኖት በስሌት ላይ ቢመሠረት፥ ስሌቱ በታረመ ቍጥር ሃይማኖቱም ይናወጣልና። ሊቃውንቱ ዛሬ ያን ጅማሬ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያርቁታል፤ አባቶቻችን የሚቈጥሩት 5500 ዘመን ግን ለአዳም ከተሰጠው ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው፤ ስለዚህ ነገር ሌላ ቀን እንነጋገራለን።

ስሌት የማይደርስበትም አንድ ነገር አለ። ላይብኒጽ የተባለው የጀርመን ፈላስፋ በ1714 ዓ.ም. ከምንም ይልቅ ስለ ምን አንዳች ነገር እንዳለ ጠይቆ ነበር። በዘመናችን አንዳንዶች ዓለም ከባዶ ራሱ ወጣ ይላሉ። ነገር ግን ባዶ የሚሉት ሕግ ያለው፥ ኃይሉም የሚሰላ ባዶ ነው። ሕግ ያለው ነገር ምንም አይባልም፤ የአፍላጦን ሸክላ ሠሪ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች ማለት ነው። ሕጉስ ከወዴት መጣ?

የለሜትርን ታሪክ እንፈጽም። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በኒው ጀርሲ ባለ ትልቅ የራዲዮ መቀበያ ሲሠሩ፥ የማይጠፋ ስስ ጩኸት ሰሙ። ወደ የትኛውም ሰማይ ቢያዞሩት፥ ቀንም ሌሊትም፥ ጩኸቱ አንድ ነበረ። ከውስጡ ርግቦችን አስወጥተው ኵሳቸውን ጠረጉ፤ ጩኸቱ ግን አልቀረም። በ1965 ዓ.ም. ነገሩ ተገለጠ፤ ዓለም ገና ጥብቅና ትኩስ ከነበረበት ዘመን የተረፈ ሙቀት፥ አሁን ቀዝቅዞ ከፍጹም ብርድ በላይ 3 ዲግሪ ያህል የቀረ ነበር። ለሜትር በዚያን ጊዜ ታሞ ነበር። ወሬውን ወዳጁ ነገረው፤ ሰምቶም ብዙ ሳይቆይ በሰኔ 20 ቀን 1966 በ71 ዓመቱ ዐረፈ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።