መስኮት ተዘግቶ የተዘመረ፦ መዝሙር በመከራ ዘመን፣ ከድሬዳዋ ሲታይ

(ለታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራንና ተማሪዎች ከተደረገ ሕዝባዊ ንግግር የተወሰደ)



ንግግሬን በአንድ የልጅነት ትዝታ እንድጀምር ይፈቀድልኝ። በድሬዳዋ ሙቀት ማታ መስኮቱን የሚዘጋ ሰው እንደሌለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእኛ ቤት ግን በሳምንት አንድ ምሽት በሩም መስኮቱም ይዘጋ ነበር። አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በተለያየ ሰዓት፣ አንድ በአንድ ይገባሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፤ ይጸለያል፤ በመጨረሻም ከትንፋሽ እምብዛም ከፍ በማይል ድምፅ ይዘመራል። ላባቸው በፊታቸው ይወርድ ነበር። ለምን ድምፅ እንደሚያወጡ እናቴን ጠየቅኋት። የመለሰችልኝን ዛሬ አላስታውስም፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ አደገ። ጸሎት በልብ ይቻላል፤ መዝሙር ግን ውጭ ይሰማል። ታዲያ ለእስር ሊዳርጋቸው የሚችለውን ይህን ነገር ስለ ምን አልተዉትም?

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው።

በአገራችን መከራን በዜማ ወደ እግዚአብሔር ማቅረብ አዲስ ነገር አይደለም። ዳዊት መድገም ለዘመናት የቤትም የቤተ ክህነትም ልማድ ሆኖ ኖሯል። በዚሁ በእኛ አካባቢ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን ስእለቱንና ጭንቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር ባዶ ሜዳ ላይ አልበቀለም። አዲስ የነበረው መልኩ ነው። ሚስዮናውያን ይዘዋቸው የመጡት መዝሙሮች በአብዛኛው የባሕር ማዶ ዜማዎች ሲሆኑ ቃላቸው ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎቻችን ተመልሶ ይዘመር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ግን ተማሪዎችና ወጣቶች በራሳቸው ቋንቋ፣ ከራሳቸው ሕይወት እየቀዱ መድረስ ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል የሙሉ ወንጌል መዘምራን ስም ጎልቶ ይነሣል።

ይህ ለውጥ ከስደት ጋር አብሮ መምጣቱን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። የሙሉ ወንጌል አማኞች በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ ያቀረቡት ጥያቄ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተቀባይነት አላገኘም፤ በነሐሴ 1964 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ሳለ ወደ 250 የሚሆኑ ሰዎች ታሠሩ። እንግዲህ የመከራው ታሪክ ከደርግ በፊት ይጀምራል ማለት ነው። ደርግ ሲመጣ ግን መጠኑ ተለወጠ።

1969 ዓ.ም.ን እንመልከት። በመጋቢት ወር በአዲስ አበባ የነበረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ መዝሙርና ስብከት ከየቤቱ ያደርስ የነበረው አውታር በአንድ ቀን ተዘጋ። ወራት ሳይቆዩ የሶማሊያ ጦር ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ዘለቀ፤ የድሬዳዋ ሕልውና የተመሠረተበት የባቡር ሐዲድ ተቆረጠ፤ በነሐሴም ጦርነቱ ከከተማችን ደጅ ደረሰ። ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ በባቡሩ ፉጨት ቀኑን ይቆጥር ለነበረ ሕዝብ የባቡሩ ዝምታ ብቻውን ምን ያህል አስፈሪ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የድሬዳዋ አማኞች ከሁለት ወገን የመጣ ጭንቅ ነበረባቸው፦ እንደ ማንኛውም ነዋሪ ጦርነቱ፣ እንደ አማኝ ደግሞ የካድሬው ጥርጣሬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ታሠረ፤ ያለ ፍርድ ሰባት ዓመት ያህል በእስር ቆየ፤ በእስር ቤትም ሆኖ መዝሙር መድረሱን አላቋረጠም። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሠሩ። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሐረርጌ ጋር የቆየ ግንኙነት አላት፤ መነሻዋ የሆነው የሜኖናይት ሚስዮን በደደር ሆስፒታል ነበረውና።

እዚህ ላይ አንድ አኃዝ እጠቅሳለሁ። መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ሕንፃ የላት፣ ሬዲዮ የላት፣ አደባባይ የላት። የነበራት በየቤቱ የሚሰበሰቡ ጥቂት ጥቂት ሰዎች፣ ቤታቸውን የከፈቱና ያስተማሩ ሴቶች፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ካሴት እና በቃል የተያዘ መዝሙር ነበር። መጽሐፍ ይወረሳል፤ ካሴት በፍተሻ ይያዛል፤ በቃል የተጠና ዜማ ግን ፈታሽ አያገኘውም። መዝሙር የስብሰባው ማስዋቢያ አልነበረም፤ ትምህርቱን ተሸክሞ ያሻገረ ዕቃ ነበር።

ነገር ግን ይህ የልጅነት ጥያቄዬን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ለማስታወስ ብቻ ከሆነ በልብ መድገም ይበቃ ነበርና።

ወደ ሌላ አገር ጥቂት እንሻገር። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች በነጭ ገበሬዎችና ሠራተኞች ዘንድ የተስፋፋ የወንጌል መዝሙር ወግ አለ። ጄምስ ቮን የተባለ የመዝሙር መጽሐፍ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1910 ከቴነሲ መጽሐፎቹን የሚያስተዋውቁ አራት ድምፃውያን አሰማራ፤ የአራት ዘማሪዎች ቡድን ከዚያ ወዲህ የዚህ ወግ መለያ ሆነ። በዚያው አገር፣ በዘር ግድግዳ ማዶ፣ ጥቁሩ ቶማስ ዶርሲ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለቤቱንና አዲስ የተወለደ ልጁን በሞት ባጣ ማግስት እጅግ የታወቀውን መዝሙሩን ደረሰ። ሁለቱም ወጎች የሚያመሳስላቸው ነገር አላቸው፤ መዝሙሩ የሚደረሰው ለተጨነቀ ሰው ነው፣ የሚዘመረውም ከሌሎች ድምፆች ጋር ተስማምቶ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው የሚያጽናና መዝሙር የዘር መድልዎን ግድግዳ በራሱ አላፈረሰም። መጽናናት ከበደል ጋር ተስማምቶ መኖርንም ሊያስተምር ይችላል።

የደርግ ካድሬዎች ሃይማኖት ሕዝብን የሚያደነዝዝ ዕፅ ነው ብለው ያስተምሩ የነበረው ይህንኑ በመያዝ ነው። ክሱ ቀላል አይደለም፤ የታሪክ ተማሪ በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ሊመልሰው ይገባል። በእኛ አገር ያለው ማስረጃ ምን ይላል? እነዚህ ዘማሪዎች የታሠሩት ስለ ደነዘዙ አልነበረም፤ «አብዮቱ ከሁሉም በላይ ነው» የሚለውን መፈክር አናሰማም፣ ግራ እጃችንን አናነሣም በማለታቸው ነው እንጂ። ከሁሉም በላይ የሆነው ሌላ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። በየሳምንቱ በዝግ ቤት ይህንኑ ሲዘምር የከረመ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ አፉን ዘግቶ መቆም ቻለ። የዚያ ዝምታ ዋጋ እስር፣ ከሥራ መባረር፣ አንዳንድ ጊዜም ሕይወት ነበር።

የልጅነት ጥያቄዬም መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። የፈራ ሰው በልቡ ሲጸልይ የሚሰማው የራሱን ፍርሃት ጭምር ነው። ሲዘምር ግን የባልንጀራውን ድምፅ ይሰማል። ከእኔ ሌላ ሰው አለ፣ እርሱም ፈርቶ መጥቷል፣ ፈርቶም ይዘምራል። የዚያ ዘመን ሰዎች ከእስር እንደሚያመልጡ ማረጋገጫ አልነበራቸውም፤ ብዙዎችም አላመለጡም። ትንቢተ ዳንኤል ውስጥ ወደ እሳት የተጣሉት ሦስቱ ወጣቶች አምላካቸው ባያድናቸው እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ለንጉሡ እንደነገሩት ሁሉ፣ መጽናናታቸው መውጫ ከማግኘት ላይ አልተንጠለጠለም። ብቻቸውን አለመሆናቸውን በጆሯቸው ማረጋገጥ ነበረባቸው፤ ያንን ደግሞ ያለ ድምፅ ማግኘት አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳ የሚያዋስኑን ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ። በድሬዳዋ ሙቀት መስኮቱ የተዘጋ ቤት ምን እንደሚሠራበት ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም፤ ይሰሙንም ነበር። አንድም ቀን የጠቆመብን የለም። የእኛ ሰዎች ድፍረት በከፊል በእነርሱ ዝምታ ላይ የቆመ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሲጻፍ ይህ ዝምታም ስፍራ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

ውድ ተማሪዎች፤ በታሪክ ትምህርት ሰነድ ማለት የተጻፈ ወረቀት ብቻ እንደሆነ አድርገን ለረጅም ጊዜ አስበናል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። የዚያ ዘመን አማኞች ግን ለደኅንነታቸው ሲሉ ወረቀት አላስቀሩም። ያስቀሩት መዝሙርና ካሴት ነው። የካሴቱ ፊልም በዚህች ከተማ ሙቀት እየተበላሸ ነው፤ በቃል የያዙት ሰዎችም በዕድሜ እየገፉ ነው። በከዚራም ሆነ በደቻቱ ማዶ በየቤታችሁ ያሉትን አረጋውያን ምን ትዘምሩ ነበር፣ ከማን ጋር፣ መስኮቱስ ተዘግቶ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁልኝ። እኔ እናቴን ዳግመኛ ሳልጠይቃት አለፈችብኝ።