ነጸብራቁን አጥፍቶ ጥርስን ማየት፦ ፖላራይዝድ መብራትና መነጽር በወልቂጤና በቡታጅራ የጥርስ ቀለም ምርጫ

አንድ የፊት ጥርስ ብቻ መተካት የጥርስ ሐኪምን ከሚፈትኑ ሥራዎች አንዱ ነው። ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶች አብረው ክራውን ቢደረግላቸው መጠነኛ የቀለም ልዩነትን ማንም ልብ አይለውም። አንዱ ብቻ ሲሠራ ግን አዲሱ ጥርስ ባለቤቱ በሳቀ ቁጥር ከተፈጥሮ ጎረቤቱ ጋር ይተያያል። ሐኪሙ የሼድ ጋይዱን፣ ማለትም የጥርስ ቀለም ናሙናዎች ስብስቡን፣ አንድ ናሙና ከጥርሱ ጎን ይዞ የግንባር መብራቱን ሲያበራ የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን በሆነው ኢናሜል ላይ ነጭ የብርሃን ጭረት ይወጣል። ታካሚው አንገቱን ቀና ወይም ዘንበል ሲያደርግ ጭረቱ ቦታውን ይቀይራል፤ ባረፈበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይሸፍናል። ይህን ነጸብራቅ ለማጥፋት በራስ ላይ የሚጠለቅ ፖላራይዝድ መብራትና መነጽር ጥቅም ላይ መዋል ጀምሯል። መሣሪያው በተለምዶ የሚመከረው የቀለም ቁጥሩን በትክክል ለመምረጥ ነው። የእኔ ሙግት ግን ከዚህ ይለያል፦ እንደ ወልቂጤና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች ዋነኛ ጥቅሙ ቁጥር መምረጥ ሳይሆን የጥርሱን የውስጥ ገጽታ በካርታ መልክ ማንሳት ነው።

የኢናሜል የብርሃን ስብረት መጠን 1.62 ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ በደረቅ ኢናሜል ላይ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍ ብርሃን 5 ወይም 6 በመቶ የሚሆነው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከገጹ ይመለሳል። ይህ ብርሃን ስለ ጥርሱ የሚናገረው ነገር የለም፤ ይዞ የሚመለሰው የመብራቱን ቀለም ነው። የቀረው ወደ ኢናሜሉ ይገባል፣ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ዘንድ ይደርሳል፣ ተበታትኖ ሲመለስም የጥርሱን እውነተኛ ቀለም ይዞ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከገጹ የሚመለሰው በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ስለሚመጣ ዓይንን ያሸንፋል።

ሁለቱን ለመለየት ያስቻለው የብርሃን ጠባይ የቆየ ግኝት ነው። ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ ከገጽ ላይ የሚመለስ ብርሃን ፖላራይዝድ እንደሚሆን ያስተዋለው በ1808 እ.ኤ.አ. ነው። ርካሽና ስስ የፖላራይዘር ወረቀት ግን የመጣው ኤድዊን ላንድ በ1929 እ.ኤ.አ. ለፓተንት ካመለከተ በኋላ ነው። መብራቱ ፊት አንድ ማጣሪያ ሲደረግ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይርገበገባል። ከጥርሱ ገጽ የተመለሰው ይህንኑ አቅጣጫ እንደያዘ ይቆያል፤ ዴንቲን ደርሶ የተበታተነው ግን አቅጣጫውን ያጣል። ስለዚህ ዓይን ፊት ከመጀመሪያው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ ሁለተኛ ማጣሪያ ሲደረግ ነጸብራቁ ይታገዳል፣ የውስጡ ብርሃን ደግሞ በከፊል ያልፋል።

የሾፌሮች ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ለዚህ ሥራ ይበቃል ብለው የሚገዙ አሉ። አይበቃም። ብቻውን የተደረገ ማጣሪያ በደንብ የሚሠራው ብርሃኑ ገጹን በሰያፍ ሲመታ ነው፤ ለኢናሜል ይህ ማዕዘን 58 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የጥርስ ሐኪም ግን የፊት ጥርስን የሚያየው ፊት ለፊት ነው፣ መብራቱም ከግንባሩ ላይ ይመጣል። ስለዚህ ማጣሪያው ከመብራቱም ከመነጽሩም ላይ፣ ተጣምዶ መቀመጥ አለበት። ለዚህም ነው በራስ የሚጠለቀው ዓይነት ከጠረጴዛ መብራት የተሻለው፤ ሐኪሙ በዞረበት ሁሉ የሁለቱ ማጣሪያዎች ማዕዘን አይዛነፍም። ትክክል መገጠሙን ለማረጋገጥ የአፍ መስታወቱን የብረት እጀታ ፊት ለፊት መያዝ ይበቃል። ማጣሪያዎቹ በትክክል ከተጣመዱ በብረቱ ላይ የነበረው የሚያንጸባርቅ ነጥብ ይጠፋል ወይም ደብዝዞ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ነጥቡ አሁንም ነጭ ከሆነ የመብራቱን ማጣሪያ ቀስ እያሉ ማዞር ነው።

ነገሩ ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው ማጣሪያ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ከተመለሰው ግማሹን። ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ያለ ማጣሪያ ከሚደርሰው ሩብ ቢሆን ነው። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ ዓይን ቀለም የመለየት አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ኤልኢዲው ብርቱ መሆን አለበት፤ የቀለም ሙቀቱ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን፣ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም አሳይነት መለኪያውም ከ90 በላይ ሊሆን ይገባል። በየሱቁ የሚሸጠው ሰማያዊ የሚያደላ የእጅ ባትሪ ይህን አያሟላም። በእሱ ሥር አንድ የመሰሉ ሁለት ቀለሞች ደጅ ሲወጡ ይለያያሉ።

እዚህ ላይ የቆየው ትምህርትና አዲሱ መሣሪያ ይጋጫሉ። የጥርስ ሕክምና መማሪያዎች ለረጅም ጊዜ የመከሩት ታካሚውን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ረፋድ ላይ፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 ገደማ፣ በተፈጥሮ ብርሃን ማየትን ነው። በወልቂጤ ከፍታ ላይ ያለ ጠራ ያለ ረፋድ ለዚህ መልካም ነው። በክረምት ዳመናው ሲከብድ ወይም ቡታጅራ ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ዘቢዳር ተራራ ስታዘነብል ግን ብርሃኑ በየደቂቃው ይለዋወጣል። በራስ የሚጠለቀው መብራት ይህን ችግር ያቃልላል፤ ባትሪው ቀድሞ ከተሞላ መብራት በጠፋበት ቀንም ያው ብርሃን ነው። ሆኖም ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በመብራቱ ማጣሪያ ውስጥ ስላላለፈ ነጸብራቁ አይጠፋም። ስለዚህ መነጽሩ ሲጠለቅ መጋረጃው መዘጋት አለበት።

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው የበለዘ ጥርስ ጉዳይ ነው። ቡታጅራ በጉራጌ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ናት፤ ከእርሷ በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ቆላ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ከዚህ ያልፋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከተወለዱ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከኖሩት የተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርስን የሚያበልዘው የጥርስ ፍሎሮሲስ ታይቶባቸዋል። የፊት ጥርሶች ኢናሜል የሚገነባው በሕፃንነት ነው። ልጅነቱን ቆላ ያሳለፈ ሰው ጎልምሶ ወልቂጤ ቢከትምም ምልክቱ አብሮት ይኖራል፤ ሐኪሙ ደጋ ላይ ስለሚሠራ ፍሎሮሲስ አያጋጥመኝም ሊል አይችልም።

ፍሎሮሲስ የያዘው ኢናሜል ከገጹ በታች ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ቀዳዳው ውኃ ሲይዝ የስብረት መጠኑ 1.33፣ አየር ሲይዝ ደግሞ 1 ነው፤ ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጥ ይበታተንና ነጩ ነቁጥ ይጎላል። ቲልስትሩፕና ፌየርስኮቭ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጡት የደረጃ መለኪያ ጥርሱ ከመታየቱ በፊት እንዲደርቅ የታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። የቀለም ምርጫ ሕግ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፦ የደረቀ ጥርስ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚነጣ ምርጫው ጥርሱ ገና እርጥብ ሳለ ማለቅ አለበት። ነጸብራቅ ሲጨመርበት ግራ መጋባቱ ይብሳል። የመብራቱ ነጭ ጭረትና የፍሎሮሲሱ ነጭ ነቁጥ በተራ ብርሃን ይመሳሰላሉና። በተጣመዱት ማጣሪያዎች ሲታይ ጭረቱ ይጠፋል፤ ነቁጡ ባለበት ይቀራል። ጥርሱን ሳያደርቁ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ የነጩን ወሰን፣ የቡናማውን ጥልቀት፣ የዴንቲኑን ጣቶችና ጫፉ ላይ ያለውን አሳላፊ ክፍል መከተል ይቻላል። ሼድ ጋይድ ይህን አይሰጥም። ቪታ ክላሲካል የተባለው ሼድ ጋይድ ከኤ1 እስከ ዲ4 16 ናሙናዎች አሉት፤ አንዱም ነቁጥ ያለበት ጥርስ አይደለም።

ታዲያ ለምን ቁጥሩንም በዚሁ መነጽር አንመርጥም? ከቀለም ሦስት ባሕርያት ዓይን ፈጥኖ የሚይዘው ብሩህነትን ነው፤ ዓይነቱና ድርበቱ ከእርሱ በኋላ ይመጣሉ። ነጸብራቁ ሲወገድ ጥርሱም ናሙናውም ጠቆርና ደመቅ ብለው ይታያሉ፣ የገጹ ልስላሴና ሸካራነትም አብሮ ይጠፋል። ሠርግ ቤት የተቀመጠ ዘመድ ግን ጥርሱን የሚያየው ከነወዙ ነው። ፖላራይዘር የቀለም ምርጫን ስለማሻሻሉ የተደረጉት ጥናቶችም በአንድ አልተስማሙም፤ የብርሃኑ ጥራትና የባለሙያው ልምምድ ለውጤቱ ያላቸው ድርሻ ግን በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ብሩህነቱንና ቁጥሩን በተስተካከለ ተራ ብርሃን፣ በአጭር በአጭር እይታ መምረጥ፤ ከዚያ መነጽሩን አጥልቆ ካርታውን መሳል።

የድድ ቀለምም ሊታሰብበት ይገባል። ጠቆር ባለ ድድ አጠገብ ያለ ጥርስ ከእውነተኛው ይልቅ የነጣ ይመስላል፤ ይህ የዓይን ማነጻጸር ነው፣ ማጣሪያም አያስወግደውም። የሼድ ጋይድ ናሙና በባዶ ብረት ላይ ቆሞ ይህን ዐውድ ስለማያገኝ ሐኪሙ ከሚገባው የነጣ ቁጥር ወደ መምረጥ ያዘነብላል። ደማቅ ሻሽ ወይም ሻርፕ ያደረገች ታካሚ ትከሻ ላይ ግራጫ ጨርቅ መጣልና ዓይንን በየመሐሉ በግራጫው ላይ ማሳረፍ ብዙ ያግዛል። የባለሙያው የራሱ ዓይንም መመርመር አለበት። ቡታጅራ በዓይን ሕክምና የሚታወቀው ግራርቤት ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናትና የቀለም እይታ ምርመራ ሩቅ አገር የሚያስኬድ ነገር አይደለም።

ካርታው ጥቅም የሚሰጠው ጥርሱን ለሚሠራው ቴክኒሻን ሲደርስ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡታጅራ 130 ገደማ ይርቃሉ። ልኬቱን አዲስ አበባ ላለ ላቦራቶሪ የሚልክ ሐኪም ቴክኒሻኑን ወንበሩ አጠገብ ሊያቆመው አይችልም። ለመስቀል አገሩ ገብቶ በጥቂት ቀናት ለሚመለስ ታካሚ ደግሞ ክራውኑ በቀለም ምክንያት ተመልሶ ከሄደ ሥራው ለከርሞ አደረ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ፎቶ ይነሣ፤ አንዱ ከነጸብራቁ፣ ገጹን ለማሳየት፣ ሌላው በተጣመዱ ማጣሪያዎች፣ ውስጡን ለማሳየት። በሁለቱም ውስጥ የተመረጠው ናሙና ከነቁጥሩና የሚያንጸባርቅ ገጽ የሌለው ግራጫ ካርድ ይግቡ። የግራጫ ካርዱ ልክ የታወቀ ከሆነ ቴክኒሻኑ ፎቶውን አስተካክሎ የቀለም ርቀቱን በዴልታ ኢ 2000 ቀመር ሊለካ ይችላል። ርቀቱ 0.8 ገደማ ሲሆን ግማሹ ተመልካች ልዩነቱን አያይም፤ 1.8 ገደማ ሲሆን ደግሞ ግማሹ ይቀበለዋል። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ስለሚጨምቀው ተደክሞ የተያዘው ስስ የቀለም ልዩነት መንገድ ላይ ይቀራል።

ይኸው አሠራር ከክራውን አልፎ ለሕዝብ ጤና ጥናት ሊውል ይችላል። በመስቃንና ማረቆ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ቤት ለቤት መረጃ የመሰብሰብ ረጅም ልምድ ጥሏል፤ ጉብሬ ላይ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ለጥናቱ ቅርብ ነው። የፍሎሮሲስ ደረጃ ወንበር አጠገብ በአንድ ሰው ዓይን ሲሰጥ በመርማሪዎች መካከል ክርክር ያስነሣል። ነጸብራቅ የሌለበት ፎቶ ግን ለሁለት ለሦስት መርማሪ፣ የልጁ መንደር ሳይነገር፣ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተለየ ላቦራቶሪ አይደለም፤ ሁለት የፖላራይዘር ቁራጭ የተገጠመለት ካሜራና መብራት፣ ግራጫ ካርድ፣ ልጁ የሚጠጣበት የውኃ ነጥብ የፍሎራይድ ልኬት፣ እና ልጁ እስከ ስድስት ዓመቱ የት የት እንደኖረ ከእናቱ የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ነው።