ቆቦ እና ኮቦ

በፊደላችን ሲጻፉ በአንዲት ሆሄ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች አሉ። ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የዞብልን ተራሮች በምሥራቅ እያየች በራያ ሜዳ የተቀመጠች ከተማችን ናት። ኮቦ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በካናዳዋ ቶሮንቶ የተመሠረተ፣ በ2010 የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ለገበያ ያቀረበ ኩባንያ ነው። ስሙን ያገኘው «መጽሐፍ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የሚጻፍባቸውን አራት ፊደላት በማቀያየር እንጂ ከእኛ ከተማ አይደለም።

ታዲያ የቆቦ ሰው ኮቦን ይግዛ ወይስ ይተው? ጥያቄው የኪስ ብቻ ይምሰል እንጂ የታሪክም ነው።

ብራና ማለት ታጥቦ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮና ተፍቆ፣ በመቃ ብርዕ የተጻፈበት የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። አንድ መጽሐፍ የብዙ እንስሳትን ቆዳና የብዙ ወራትን ድካም ስለሚጠይቅ፣ ባለቤቱ በቆዳ ማኅደር ከትቶ ከግድግዳ ይሰቅለዋል፤ መንገድ ሲሄድም በትከሻው ያነግተዋል። በውስጡም የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ያሰፍርበታል። አባቶቻችን ለመጽሐፍ የፈሯቸው ሁለቱ ጠላቶች እነዚህ ነበሩ፤ ሌባና ፋቂ።

ሌባው ወሎ ድረስ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ንጉሠ ነገሥቱ ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት ብዙውን ጭኖ ሄደ፤ ከእነዚህም ወደ 350 የሚጠጉት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ፋቂው ደግሞ በአዲስ መልክ የመጣው በዘመናችን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን ራሱ የሸጣቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ ያቀረባቸው አካል መብቱ አልነበረውም በማለት፣ ከገዢዎች ኪንድል ላይ ከሩቅ ሆኖ ሰረዛቸው። አንደኛው መጽሐፍ «1984» ነበር፤ መዛግብት እየተፋቁ እንደ አዲስ ስለሚጻፉበት አገዛዝ የሚተርከው። ኩባንያው ገንዘቡን መልሷል፣ ይቅርታም ጠይቋል። ነገር ግን በወረቀት የተሸጠን መጽሐፍ ከገዢው መደርደሪያ ላይ በዚህ መንገድ ማንሣት የሚችል ነጋዴ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የሁለቱም ጠላቶች መድኃኒት ቅጂን ማብዛት ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ግድም የተጻፈው ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በአሜሪካ ሚኒሶታ ከሚገኝ ገዳም ጋር ባካሄደችው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ሲነሡ፣ ይህም ወንጌል አብሮ ተነሥቷል። የእነዚያን ብራናዎች ዝርዝር በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ቅጂ በአንድ ቋት ብቻ ሲቀመጥ ግን ምን እንደሚሆን ብሪቲሽ ላይብረሪ አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በደረሰበት የኮምፒዩተር ጥቃት፣ በዲጂታል ያወጣቸው ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ከአንባቢ ተሰውረው ነበር።

ለማንበቢያውም ፍርድ አናጓድልበት። የኤሌክትሮኒክ ቀለሙ ኃይል የሚወስደው ገጽ ሲገለጥ ብቻ ስለሆነ ባትሪው ሳምንታት ይቆያል፤ የስልክ መስታወት በሚደበዝዝበት የራያ ፀሐይ ሥር ደግሞ እንደ ወረቀት ይነበባል። ሆኖም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ መብራትና ስልክ የተቋረጠው ለሳምንታት ሳይሆን ለወራት ነበር። ባትሪውንስ በትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይሞሉት ይሆናል፤ መጽሐፉን ከሱቁ ለማውረድ ግን መረብ ያስፈልጋል።

የዕለት ሥራዬ ባንክ ውስጥ ነውና ሒሳቡን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አንዱ የኮቦ ማንበቢያ ዋጋው ወደ 130 ዶላር ነበር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላሩ 57 ብር ገደማ ስለነበር 7,400 ብር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲህ ዶላሩ መቶ ብርን ስላለፈ ከ13,000 ብር ይበልጣል። አንድ መጽሐፍ በ400 ብር ቢታሰብ ይህ የ32 መጻሕፍት ዋጋ ነው።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ማሽኑ አማርኛን እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። የአማርኛ ልብ ወለዱና ግጥሙ ግን አብዛኛው ገና ወረቀት ላይ ነው፤ በስካነር የተነሣውም ገጽ በትንሿ መስኮት ሲታይ ዓይን ያደክማል።

ስለዚህ የእኔ ውሳኔ ይህ ነው፤ ለጊዜው አልገዛም። ምክንያቴ የወረቀት ናፍቆት አይደለም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሳይቀር በተዘረፈበት አካባቢ፣ 32 መጻሕፍት በ32 ሰዎች እጅ ሊዞሩ ይችላሉ፤ ማንበቢያው ግን ከእኔ እጅ ሲወጣ ቤተ መጻሕፍቴ በሙሉ አብሮት ይወጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ቢያመጣልኝ ግን በደስታ እቀበላለሁ፤ ሱቁ ሊሰርዝብኝ የማይችለውን፣ ቅጂውን በሌላ ቦታ ያስቀመጥሁትን ጽሑፍ ብቻ እጭንበታለሁ። ያን ጊዜ ኮቦ ለእኔ አዲስ ማኅደር ይሆናል።