የቀርከሃው ዕድሜ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሳይቋጭ አድሯል። ከቁጠባችን ገንዘብ መድበን ለወለል ንጣፍና ለግንባታ ዕቃ የሚሆን ቀርከሃ ወደ ማልማትና ወደ ማቅረብ እንግባ ወይስ ከወንበርና ከመደርደሪያ ሥራችን ፈቀቅ አንበል? ግማሾቻችን "እንግባ" ስንል ግማሾቻችን ያለፈውን ኪሳራ አነሳን። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ቀርከሃ የመጣበትን መንገድ አብረን እንድናይ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ለእኛ ለአዊ ሰዎች ቀርከሃ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ከጓሮ የተቆረጠ ቀርከሃ አጥር ሆኖ፣ ጎተራ ሆኖ፣ የንብ ቀፎ ሆኖ፣ ቅርጫት ሆኖ ሲያገለግላቸው ኖረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛም እንጅባራ ሲደርስ በመንገድ ዳር የተደረደሩትን የቀርከሃ ወንበሮች ሳያይ አያልፍም።

በሀገራችን በተፈጥሮ የሚበቅለው ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የደጋው ሲሆን ውስጡ ክፍት ነው። ከእኛ ሌላ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጋሞ ደጋዎችና በሸካ ይገኛል። ሁለተኛው ብዙዎቻችን ሽመል የምንለው የቆላው ነው፤ ውስጡ ድፍን ሆኖ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች የምዕራብ ቆላዎች ይበቅላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናሉ ሲባል ቆይቷል። ኢትዮጵያም በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት።

ቀርከሃ ለቤት መሥሪያ መዋሉም አዲስ ነገር አይደለም። በጋሞ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት የሚሠሩት ቤት በብዙ አገር የታወቀ ነው። የቤቱን እግር ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ይጥሉታል። ስለዚህ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል እንጂ ቶሎ አይፈርስም፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ አንሥቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። በከተሞች ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለምሰሶም ለማገርም ተመራጭ ሆነ፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶም ተከተሉ። ቀርከሃ የአጥርና የርካሽ ዕቃ እንጨት ተብሎ ወደ ዳር ተገፋ።

በዚህ ዘመን ቀርከሃን ወደ ፋብሪካ ያስገባችው ቻይና ናት። በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የአንጂ ወረዳ እንደ እኛው ተራራማ ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የቀርከሃው ደን ለየቤተሰቡ በኃላፊነት ተከፋፈለ። በ1990ዎቹ ደግሞ ቀርከሃን ሰንጥቆ፣ ስንጥሩን ልጎ፣ ቀቅሎና አድርቆ፣ በሙጫ አጣብቆ በመጭመቅ የወለል ንጣፍ የሚያወጡ ፋብሪካዎች ተስፋፉ። እኛን ይበልጥ የገረመን ግን ከማሽኖቹ በፊት ያለው ሥራ ነው። የዚያ አገር ገበሬዎች አዲስ ቀርከሃ በበቀለ ቁጥር የበቀለበትን ዓመትና የባለቤቱን ስም ግንዱ ላይ ይጽፋሉ። ቆራጩ ጽሑፉን አይቶ ያልደረሰውን ይተወዋል። በቀላል አነጋገር ደናቸው የሒሳብ መዝገብ ነው።

ዕድሜ ይህን ያህል የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ቀርከሃ በአንድ ክረምት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ውስጥ ውስጡን ይጠነክራል እንጂ። ስለዚህ የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለወለልና ለግንባታ የሚሆነው ግን ሦስት ዓመት ያለፈው ነው። ለጋው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። በውስጡ ያለውን ስታርችና ስኳር ደግሞ ነቀዝ ይወደዋል። ፋብሪካዎቹ ስንጥሩን በቦራክስ የሚቀቅሉት ወይም በእንፋሎት የሚያበስሉት ለዚህ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካ ጽሕፈት ቤቱ ግን እዚሁ አዲስ አበባ ይገኛል። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በሀገራችን ስለ ቀርከሃ ሥልጠናው በዛ፤ ከስቲኪኒ እስከ ወለል ንጣፍ ለማምረት የተነሱ ኩባንያዎችም ብቅ አሉ። በሲዳማ ከአርሶ አደሮች ጋር ተሳስሮ የውጭ በረንዳ ወለል ወደ አውሮፓ ለመላክ የተነሳው አፍሪካን ባምቡ አንዱ ነው። ፋብሪካ ሲመጣ የሚጠይቀው ግን ብዛትን ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው የታወቀ፣ መጠኑ የተመጣጠነ ቀርከሃ ያለማቋረጥ እንዲቀርብለት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ቀርከሃን በዕድሜው ሳይሆን በሸክም ስንሸጥ ኖረናል።

ይህ ልማድ ምን እንደሚያስከፍል የእኛው መዝገብ ይመሰክራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንበር ትእዛዝ ሲበዛብን ከአንድ ነጋዴ በርካሽ ዋጋ ብዙ ቀርከሃ ገዛን። ክረምት ላይ የተቆረጠ ነበር፤ አብዛኛውም ለጋ። እኛም ዕድሜውን አልጠየቅንም፣ መድኃኒትም አላስነካነውም። ወንበሮቹ አምረው ተሸጡ፤ በመዝገባችንም ትርፍ ተብሎ ተጻፈ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከወንበሮቹ ሥር ዱቄት መርገፍ ጀመረ። ደንበኞች ዕቃውን እየያዙ ሲመጡ የአንዳንዶቹን ገንዘብ መለስን፣ ለሌሎቹ እንደገና ሠራን። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ስንዘጋ ያ ትርፍ ኪሳራ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴውን ብዙ ወቅሰናል፤ ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያልጠየቅነው እኛ ነበርን።

ቀርከሃን እንደ ቁጠባችን ብናየው ይቀለናል። ሥሩና ለጋው ዋናው ገንዘብ ነው፤ በየዓመቱ የሚደርሰው ወለዱ ነው። ወለዱን ብቻ የቆረጠ ሰው ሳይተክል ለዓመታት ይቆርጣል። ለጋውን ከደረሰው ጋር የጨፈጨፈ ግን ዋናውን በልቷል። አደጋውንም አንርሳ፤ ቀርከሃ ከብዙ ዓመት በኋላ በጅምላ አብቦ ይሞታል፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላዎችም ታይቷል። ሁሉንም ገንዘብ እዚህ ላይ ማፍሰስ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የወለል ንጣፍ ማሽን አሁን አንግዛ፤ ለእኛ አቅም ከባድ ነው። በመጀመሪያ ጓሮ ያላቸው አባላት በየክረምቱ የሚበቅለውን ቀርከሃ ዓመተ ምሕረቱን በቀለም ይጻፉበት፤ እኛም በመዝገብ እንይዛለን። ሁለተኛ፣ ቆረጣው በበጋ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ ደጋፊዎቻችን ሊያግዙን ከፈለጉ የቦራክስ መዘፍዘፊያ ገንዳና በጥላ ሥር ማድረቂያ መጠለያ ይቅደም። ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛውም ፋብሪካ "ስንት የደረሰ ቀርከሃ አላችሁ?" ቢለን መዝገባችንን ገልጠን እንመልሳለን። ያን ጊዜ ዋጋውንም ተቀምጠን መነጋገር እንችላለን።

ሦስት ዓመት ረጅም የሚመስላት አባል ካለች፣ ይህ ማኅበር በሳምንታዊ መዋጮ ሲጀመር ስንት ዓመት እንደጠበቅን ታስታውስ። በጉባኤው በደህና ያገናኘን።