ዱካክና ብረት ቀጥቃጩ፦ ከገለጉ እስከ ሳሌም

ከቋራ የመጣ ተማሪ «ታሪክ ጻፍ» ሲባል ያው ስለ መይሳው ካሳ፣ ወይም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ቆስለው ስለሞቱት ስለ አፄ ዮሐንስ እንዲጽፍ ነው የሚጠበቀው። የዶርም ጓደኞቼም ያንኑ ጠብቀው ነበር። እኔ ግን ይቅርታ ይደረግልኝና የማወጋችሁ ነጋሪት ስላልተጎሰመለት፣ ድሉም ሽንፈቱም በአንድ ሰው ደረት ላይ ስለሚያልቅ ጦርነት ነው። ስሙ ዱካክ ይባላል። ከእናንተ መካከል ያልገጠመው ይስቅ ይሆናል፤ የገጠመው ግን አይስቅም።

ዱካክና ቅዠት አንድ አይደሉም። የሚቃዥ ሰው ይጮኻል፣ ይወራጫል፤ ጠዋት ሲነግሩት ብዙ ጊዜ «እኔ?» ብሎ ይገረማል። ዱካክ የያዘው ሰው ግን ነቅቷል። ዐይኑ ጣራውን ያያል፤ ጆሮው የጎረቤቱን ማንኮራፋት ይሰማል። እጁን ተነሥ ቢለው አይታዘዘውም፤ ልጩህ ቢል ድምፁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ከዚያ አንድ ነገር ይመጣል፤ በር ላይ ይቆማል፣ ይጠጋል፣ ደረት ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ከጥቂት ሰኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ነው። ለተያዘው ግን ሌሊቱ በሙሉ ነው።

እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ከገለጉ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ሳለ፣ መስከረም ሲገባ «እስቲ ለደብተር መግዣ» ብዬ ለአጨዳ ገባሁ። ቆላ ወርደው የማያውቁ አንባብያን እንዲረዱልኝ ያህል፦ ሰሊጥ ደርሶ ከቆየ ፍሬው ከቆባው ይረግፋል፤ ስለዚህ አጨዳው የሩጫ ሥራ ነው። ቀኑ ያቃጥላል። እኛም ገና ሳይነጋ ተነሥተን በጨረቃ እናጭዳለን፤ ማታ ዳስ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች እግርና ራስ ተቀባብለን እንተኛለን። ከደምቢያ የመጣ አለ፣ ከበለሳ የመጣ አለ፣ ከጎጃም የመጣ አለ። ትንኙ፣ ሙቀቱ፣ የወባው ፍራቻ ተጨምሮበት እንቅልፍ የሚባለው ነገር በቁንጥር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ነቃሁ፤ መንቀሳቀስ ግን አልቻልኩም። ዳሱ በር ላይ ጥቁር ሰው ቆሟል። ፊት የለውም። መጣና ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ በልቤ ጀመርኩ፤ አንዱንም አልጨረስኩም። በመጨረሻ አጠገቤ የተኛው ሰው ሲገላበጥ ክንዱ መታኝ፣ እሱ ነው ያወጣኝ።

ጠዋት ሳላስተውል አወራሁት። አንድ በዕድሜ ጠና ያለ የበለሳ ሰው ማጭዱን አስቀምጦ «እኔንም ትናንትና ከትናንት ወዲያ» አለ። ሌላው «እኔንም» አለ። ከዚያ የማልረሳው ጥያቄ መጣ፤ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» እርሻው ዳር ካለች ግራር ሥር ከተቀመጠ አምስት ቀን የሆነው አንድ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ወናፉን ይዞ ማጭዳችንን የሚስልልን። ማንም ስሙን አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ ግራሯ ዞሮ አየ። ቡዳ፣ ጅብ፣ ዐይን የሚሉት ቃላት በሹክሹክታ ዞሩ። ቀን ምሳ ሲቀርብ ለሽማግሌው ያካፈለ አልነበረም። ወደ ማታ አንድ ጎረምሳ ዱላ አነሣ። ካቦው መሐል ገብቶ ዱላው አልወረደም፤ ሽማግሌው ግን የሚነገረውን የሚያውቅ ሰው ነበርና ወናፉን ጠቅልሎ፣ ያልተከፈለውን ሒሳብ ሳይጠይቅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ብቻውን በጫካው መንገድ ሄደ።

እኔ ምንም አላልኩም። ዱላ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም። ነገር ግን የክሱ ምስክር እኔ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት ለዕውቀት ብዬ ሳይሆን ይህ ምስክርነቴ ስላልተወኝ ነው። ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ዱካክ የእኛ ብቻ አይደለም። ቋንቋዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። እንግሊዞች ቅዠትን የሚጠሩበት «ናይትሜር» የሚለው ቃል መጨረሻው ፈረስ ይመስለን ነበር፤ ጥንት ግን የተኛን ሰው የሚጫን መንፈስ ስም ነበር። የፈረንሳዮቹ «ኮሽማር» ውስጥም ያው መንፈስና መጫን የሚል ግስ አብረው አሉ። ቱርኮች «ካራባሳን» ይሉታል፤ ጥቁር ተጫኝ እንደማለት ነው። ቻይናዎች ሰውነትን የሚጫን ሙት መንፈስ ይሉታል። ጃፓኖች ደግሞ «ካናሺባሪ»፤ በብረት እንደመታሰር። ከድንበራችን ማዶ የሚነገረው ዐረብኛ «ካቡስ» ይለዋል። እንግዲህ እርስ በርሳቸው ያልተማከሩ ሕዝቦች ሁሉ «ተጫነኝ» ካሉ፣ ተጫኙ በየአገሩ ያለ ጠንቋይ ሳይሆን በሁሉም ሰው አካል ውስጥ ያለ አንድ ነገር መሆን አለበት።

ሐኪሞችም ቀድመው ጠርጥረው ነበር። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የፋርስ ሐኪም አኸወይኒ ቡኻሪ ካቡስን ከሆድ ወደ አንጎል በሚወጣ እንፋሎት አመካኝቶ ጽፏል። ምክንያቱ አልያዘለትም፤ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ከሺሕ ዓመት በፊት በሽታውን የፈለገው በጎረቤት ቤት ሳይሆን በታማሚው አካል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1664 የሆላንዱ ሐኪም ኢስብራንድ ቫን ዲመርብሩክ ሌሊት ሌሊት ሰይጣን ደረቷ ላይ እንደሚተኛባት የነገረችውን የ50 ዓመት ሴት ታሪክ መዝግቧል። እሱም ሕክምና አዘዘላት እንጂ የሚከሰስ ሰው አልፈለገላትም።

ሁሉም ግን እንደ ዲመርብሩክ አልነበረም። ከእሱ 28 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1692፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሳሌም ላይ ብሪጀት ቢሾፕ የምትባል ሴት ጠንቋይ ተብላ ተከሰሰች። ከመሰከሩባት መካከል ሌሊት ክፍላቸው ገብታ ደረታቸው ላይ እንደወጣችና መናገርም መንቀሳቀስም እንደከለከለቻቸው የተናገሩ ወንዶች ነበሩ። ይህን የዱካክ ታሪክ ዛሬ የሚያነብ የእንቅልፍ ሐኪም ወዲያው ያውቀዋል። ዳኞቹ ግን እንደ ማስረጃ ተቀበሉት፤ ሰኔ 10 ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ተሰቀለች። በዚያ ዓመት ከተሰቀሉት 19 ሰዎች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ስሟ በሕግ የጠራው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ ከ309 ዓመት በኋላ። ይህን ላይብረሪ ውስጥ ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። የሳሌም መስካሪዎች ውሸታሞች አልነበሩም። እንደኔ ያዩትን ነው የተናገሩት።

በሀገራችንም ያው ገመድ ተፈትሏል። በጎንደርና በቋራ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ፣ በተለይም ቤተ እስራኤሎች፣ ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል፤ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ እንስራውን የሠሩልን እነሱ መሆናቸው ስድቡን አላስቀረላቸውም። የቋራው ካሳ ንጉሥ ሆኖ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠራ የእጅ ሙያ ዋጋ ገብቶት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ግን ዳሳችን ድረስ አልደረሰም።

አሁን ወደ አንጎል ሥራ እንምጣ። ለዚህ ሕመም «የእንቅልፍ ሽባነት» የሚለውን ስም የሰጠው እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ኪኒየር ዊልሰን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። በ1953 አሴሪንስኪና ክላይትማን ቺካጎ ላይ በእንቅልፍ መሐል ዐይን በፍጥነት የሚንከባለልበት፣ ሕልም በብዛት የሚታይበት ክፍል እንዳለ አሳዩ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ሊዮን ላይ ሚሼል ዡቬ በድመቶች ላይ ሲመራመር፣ በዚያው ክፍል የሰውነት ጡንቻ ፈጽሞ እንደሚላላ ደረሰበት። ይህ ጥበቃ ነው፤ ባይኖር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ በእውነትም ተነሥተን እንሮጥ ነበር። ዱካክ ማለት እንግዲህ ሰዓት ማዛነፍ ነው፤ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ግን ገና ታስሯል፣ ሕልሙም አላለቀም። የደረት ጡንቻ ስለላላ ትንፋሽ ያጠረ ይመስላል፤ ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን ሥራውን አላቆመም። በር ላይ የቆመው ሰውዬ የፈራ አንጎል በክፍት ዐይን የሚያየው ሕልም ነው።

ለምን እኛን ተማሪዎችን? እ.ኤ.አ. በ2011 ሻርፕለስና ባርበር ከ36 ሺሕ በላይ ሰዎችን የሚሸፍኑ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የገጠመው 7.6 ከመቶ ሲሆን ከተማሪዎች ግን 28.3 ከመቶ ነው። የእንቅልፍ ማጣት፣ የተዘበራረቀ ሰዓት፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ይጠሩታል። የሰሊጥ ዳስና የፋይናል ሰሞን ዶርም በዚህ በኩል ወንድማማች ናቸው። ጫትም አለበት። በሀገራችን ዱካክ የሚለው ስም ጫት ካቆመ ሰው ጋር አብሮ የሚነሣው በከንቱ አይደለም፤ «ጫቱን ስለከዳኸው ሊቀጣህ መጣ» ይባላል። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፤ ሲቋረጥ የተከለከለው ሕልም ወለዱን ይዞ ይመለሳል። ለፈተና ሲቅም ሰንብቶ በመጨረሻው ቀን ያቆመ ቀለሜ ከመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በአንዱ ቢጫነው አይደንግጥ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ እስከ ዛሬ አልተወኝም፤ አብረን መኖርን ግን ተምረናል። ሲይዘኝ አልታገልም፤ ትግሉ ፍርሃቱን ይጨምራል። ትንፋሼን እከተላለሁ፣ የእግሬን ትንሽ ጣት ብቻ ለማነቃነቅ እሞክራለሁ፤ ጣቷ ስትታዘዝ ሌላው ይከተላል። በጎኔ እተኛለሁ። በአንድ ሰዓት ለመተኛት እሞክራለሁ (ምን ያህል እንደሚሳካ ዶርም ያለ ያውቀዋል)። አጠገቤ ለሚተኛው ልጅ «ትንፋሼ ከተቆራረጠ ስሜን ጥራና ንካኝ» ብዬዋለሁ። መስቀሉን ትራሱ ሥር የሚያደርግ ያድርግ፤ አያተል ኩርሲ የሚቀራ ይቅራ፤ ልብን የሚያረጋጋ ነገር ሁሉ እንቅልፍን ይረዳል። ቀን በሥራ ላይ ሳይቀር እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው፣ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ግን ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ያ ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊትም ሄደንበታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ፤ በቀጣዩ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ ቆላ የሚወርድ ሰው አጎበር ይይዛል እንጂ ወባ የያዘው በእገሌ ዐይን ነው ብሎ ዱላ አያነሣም። ዱካክ ብቻ ነው እስካሁን ተከሳሽ የሚፈልግ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስመለስ ሽማግሌውን ገለጉ ገበያ ላይ አገኘሁት። ማጭድ ደርድሮ ተቀምጧል። አላወቀኝም። ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ በዚያ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ስለ ዱካክ ያወራሁት ልጅ እኔ ነኝ» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ያልተከፈለውን የሰዎቹን ሒሳብ መክፈል ፈልጌ እጄን ኪሴ ብከት እጄን ያዘኝ።

«ልጄ፣ እኔንም ይጫነኛል» አለኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ። እኔ ማንን ልክሰስ?»

ማጭድ አንድ ገዛሁ። አሁን ዶርም ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጓደኞቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነበርና መልሱ ይኸው። አንባቢ ሆይ፣ ነገ ጠዋት አንዱ «ሌሊት ተጫነኝ» ብሎ ሲያወራ ብትሰማ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለህ አትጠይቀው። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» በለው።