ከአየር ጤና እስከ ሱባ ደን

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ከፍታ ላይ ቆሞ ማዶውን ለሚመለከት ሰው የወጨጫ ተራራ ጎልቶ ይታየዋል። እኛም በማለዳ ከአየር ጤና ተነሥተን፣ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፈን፣ በተራራው ጎን ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ገባን።

በዚያም ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ዱኩላውም ኮሽታ በሰማ ጊዜ ከጥሻው ይሠወራል። አባቶች ሲተርኩ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በዚህ ስፍራ አስተከሉ ይላሉ። ዳግማዊ ምኒልክም ደኑ እንዲጠበቅ አዝዘዋል።

ይህን ከከተማችን ታሪክ ጋር ብናስተያየው ትልቅ ትምህርት እናገኝበታለን። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቈረች በኋላ፣ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። ስለዚህም በ1890ዎቹ ዓመታት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር፤ በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በስፍራዋ ካጸኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

እንግዲህ የሱባ ደን የቀረው ጠባቂ ስላገኘ፣ የከተማው ዛፍ ያለቀውም ጠባቂ ስላጣ ነው። ማታ ስንመለስ ግን የማገዶ ሸክም ያጐበጣቸው እናቶች በመንገድ ዳር አገኘን። ደን ይጠበቅ የሚል ሁሉ የእነዚህንም እናቶች ምድጃ ሊያስብ ይገባዋል።